የጥብቅና ለማጅ፤ ከዐውደ ፍትሕ እስከ ጥብቅና ድርጅት

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ጦር ኃይሎችን አልፎ የጅማን መንገድ በያዘ ጊዜ፣ ስሟ ራሱ ስለ ጠባይዋ ከሚመሰክርላት ሠፈር፣ ከአየር ጤና ይደርሳል። ዛሬ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የምትቈጠረው ይህች ሠፈር፣ ገና ጎሕ ሲቀድ የታክሲ ረዳቶች የጦር ኃይሎችንና የሜክሲኮን ስም እየጠሩ የሚያስተጋቡባት፣ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ የተመለሰው ምእመን ነጠላውን እንዳጣፋ ከሠራተኛውና ከተማሪው ጋር በአንድ ሰልፍ የሚቆምባት ናት። በዚህ ሰልፍ መካከል፣ ክረምት በገባ ቍጥር፣ ክላሰሩን ከዝናብ ለማዳን በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ የሚቆም ወጣት አይታጣም፤ ጦር ኃይሎች ላይ ከታክሲ ወርዶ ባቡር ይሳፈራል፣ ልደታ ሲደርስም ፍርድ ቤቶቹ ወዳሉበት ይወርዳል። ይህ ወጣት ባለጉዳይ አይደለም፤ ጠበቃም ገና አልሆነም። የሕግ ተማሪ ነው፤ ከአንድ የጥብቅና ቢሮ ገብቶ ለጥቂት ወራት ሥራውን በዐይኑ ለማየትና በእጁ ለመዳሰስ ደጅ ይጠናል።

ወጣቶቹ ይህን "ኢንተርንሺፕ" ይሉታል። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፣ ከአየር ጤና አደባባይ አጠገብ ካለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት የአራተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ አምስት ደብዳቤዎች አሳትማ በባንኮኒው ላይ ስትደረድር አየሁ። ሽበቴን አይታ ይሁን መነጽሬን አላውቅም፣ "አባባ፣ እባክዎ የተሳሳተ ፊደል ካለ ያዩልኛል?" ብላ አንዱን ሰጠችኝ። ፊደሉስ ምንም አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከላይ ለአንድ ቢሮ የተጻፈው ደብዳቤ ከታች የሚያመሰግነው ሌላውን ቢሮ ነበር። "ልጄ፣ ይህ ለማን ነው?" አልኋት። "ለአምስት ቢሮ ነው አባባ፤ ስሙን ብቻ ነው የምቀይረው" አለችኝና ወዲያው ስሕተቷን አይታ ፊቷ ቀላ። እኔም "አምስቱን ተዪና አንዱን ጻፊ፤ እርሱንም ያን ቢሮ ካወቅሽው በኋላ ጻፊ" ከማለት በቀር ያን ጊዜ ሌላ የነገርኋት የለም። ልነግራት የሚገባኝ ግን ብዙ ነበረ፤ ይኸውም እርሷ በአምስት ገጽ የምትለምነው ነገር በአገራችን ረጅም ታሪክ ያለው መሆኑን፣ ሕግ ከመጽሐፍ ቢነበብም ጥብቅና ግን በሁሉም ዘመን ከዐዋቂ ሰው አጠገብ በመቆም እንደ ተለመደ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ስለዚሁ ነው።

ጠበቃ የሚለው ስም ከጠባቂ ጋር የአንድ ግንድ ቅርንጫፍ ነው፤ የሌላውን ሰው መብት፣ ቃልና ምስጢር የሚጠብቅ ማለት ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዮሐንስ የመጀመሪያ መልእክት ለመድኃኔ ዓለም ለራሱ የሰጠው ስም ስለሆነ፣ በምእመኑ ጆሮ ክብሩ ከፍ ያለ ነው። ከእርሱ ጎን ደግሞ ነገረ ፈጅ የሚል ስም ነበረ፤ ነገርን የሚፈጅ፣ ሙግትን ከዳር የሚያደርስ ማለት ሲሆን፣ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የመሥሪያ ቤቱን ክርክር ለሚይዝ ሰው ይነገራል። አንዱ ስም ሥራውን በመጠበቅ ሲፈታው ሁለተኛው በመፈጸም ይፈታዋል፤ ሙያውም ከነዚህ ከሁለቱ አይወጣም።

በጥንቱ ሥርዓት ዐውደ ፍትሕ ማለት ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ወይም ከገዢው ደጅ፣ ወይም መንገድ ዳር የሚዘረጋ ጉባኤ ነበረ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች "በሕግ አምላክ" ተባብለው ከተያያዙ በኋላ መንገደኛውን አቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር፤ በእርሱ ፍርድ ያልረካው ከባለሥልጣኑ ወንበር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አፈ ንጉሡ፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ችሎት ይወጣል። ተበዳዩ ከግቢው በር ቆሞ "አቤት! አቤት!" እያለ ስለሚጮኽ አቤቱታ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በየማመልከቻው ራስጌ ይነበባል። ክርክሩ የአንደበት ነበረ፤ ተጠየቅና በላ ልበልሃ የሚባለውን የሙግት ሥርዓት የተካነ ሰው ሸማውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ወደ ዳኛውና ወደ ባላጋራው እየሰነዘረ፣ ነገሩን በምሳሌና በቅኔ ቃል እያዋዛ ይሟገታል፤ በማርም ሆነ በሌላ ይወራረዳል፤ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣም ከባላጋራው ጋር በቁራኛ ይታሰራል። ሕዝቡም ለፍርድ የነበረው ፍቅር ታላቅ ስለሆነ፣ ያለ ሕግ የተወሰደች ጭብጦ በሕግ ከተወሰደች በቅሎ ይልቅ ታሳዝናለች ይል ነበር።

ይህን ጥበብ የሚያስተምር የተመሠረተ ትምህርት ቤት አልነበረም። ወጣቱ በባላባቱ ወይም በመኳንንቱ ደጅ ሲያገለግል፣ ችሎት ሲዘረጋ ከዳር ቆሞ ይሰማል፤ የትኛው ቃል ዳኛውን እንደ ነካ፣ የትኛው ደግሞ ተናጋሪውን እንዳስረታ ያስተውላል፤ ማታ ያንኑ ለጓደኞቹ ይደግማል። ሙግት ዐዋቂ የሚባለው ሽማግሌም አብሮት የሚሄድ፣ ዘንጉን የሚይዝ፣ ቀጠሮ የሚያስታውስ ልጅ አያጣም ነበር። ያ ልጅ ከጊዜ በኋላ በሽማግሌው ፈንታ ይናገራል። ደጅ መጥናት የሚባለው ልማድ ሹመትን ብቻ ሳይሆን ዕውቀትንም የሚያስገኝ በር ነበረ።

ከአንደበት ትምህርት ጎን የመጽሐፍ ትምህርት ነበረ፤ እርሱም በቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት ግብጻዊው ሊቅ አቡል ፈዳኢል ኢብን አል አሳል በዐረብኛ ያሰባሰበው ሲሆን፣ በአገራችን ትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሷል። በ51 አንቀጽ የተከፈለው ይህ መጽሐፍ ከመጀመሪያዎቹ 22 አንቀጾች መንፈሳዊውን ሥርዓት፣ ከቀሩት ደግሞ ሥጋዊውን፣ ማለት ጋብቻን፣ ውርስን፣ ሽያጭን፣ ብድርንና ቅጣትን ያስተምራል። ተማሪው ንባቡን፣ ዜማውንና ቅኔውን ዘልቆ ከትርጓሜ ቤት ሲገባ፣ ከመጻሕፍተ ሊቃውንት ጋር ይህንኑ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። የሚከብድ ነገር በንጉሡ ችሎት ሲነሣም ሊቃውንቱ ተጠርተው አንቀጹን ያነብባሉ፣ ያመሠጥራሉ።

በገዳም ለአረጋዊው መነኵሴ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ሥርዓቱን የሚማረው ወጣት ረድእ ይባላል፤ ረዳት የሚለው የአማርኛ ቃልም የዚሁ የግእዝ ግሥ ዘር ነው። ረድኡ ከአረጋዊው የሚማረው ከሚነገረው ቃል ይልቅ ከሚኖረው ኑሮ ነው፤ ጠዋት እንዴት እንደሚነሣ፣ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል፣ በተቈጣ ጊዜ እንዴት ዝም እንደሚል አይቶ ይማራል። የጥብቅና ለማጅነትም በባሕርዩ ረድእነት ነው።

በ1900 ዓመተ ምሕረት ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የፍርድ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የአንደበት ሙግት ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት መዞር ጀመረ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ነጋሪት ጋዜጣ ሲቋቋምና በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቍጥር 2 ፍርድ ቤቶችን በደረጃ ሲያደራጅ፣ መዝገብ፣ ቀጠሮና የጽሑፍ ማመልከቻ የችሎቱ አካል ሆኑ። በፍርድ ቤቶች አጥር ሥር ወንበርና ጠረጴዛ ዘርግቶ የሕዝቡን በደል በወረቀት የሚያሰፍረው ራፖር ጸሐፊ ሥራው የደራው በዚህ ሽግግር ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጠበቆችም ሙያውን የጀመሩት ከጽሕፈት ነው፤ የሌላውን ሰው ማመልከቻ እየገለበጡ፣ የዳኞችን ትእዛዝ እያነበቡ፣ ከአንድ ታዋቂ ጠበቃ ጎን መዝገብ እየያዙ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ግን የቀድሞውን ለማጅ ድንገት መንገድ አሳጣው። ከ1949 እስከ 1958 ባሉት ዐሥር ዓመታት ስድስት ታላላቅ የሕግ መጻሕፍት ታወጁ። የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊሳዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ አረቀቁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ብቻውን 3367 አንቀጾች ነበሩት፤ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ። የንግድና የባሕር ሕጎችም በዚያው ዓመት ተከተሉ። እንግዲህ በበላ ልበልሃ ሥርዓት ስሙ የተጠራ ሙግት ዐዋቂ፣ አንደበቱ ሳይደክም፣ ምሳሌው ሳያልቅበት፣ በአንድ ሌሊት እንግዳ ሆነ፤ ዳኛው የሚጠይቀው ቅኔውን ሳይሆን አንቀጹን ሆነና። ሕግ ከዐውዱ ወጥቶ ከመደርደሪያ ላይ ወጣ፤ ከመደርደሪያው የሚያወርደውም የተማረ ሰው መሆን ግድ ሆነበት።

ስለዚህ በ1956 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ፋኩልቲውም የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትን ማሳተም ጀመረ። አዲሱን ሕግ እያስተማረ አሮጌውን እንዳልናቀ የሚያስረዳ ምስክርም አለ፤ በኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ የመለሱትን ፍትሐ ነገሥት በ1960 ያሳተመው ይኸው ፋኩልቲ ነው። መጽሐፉ ሞልቶ መምህሩ ተገኘ፤ ዳሩ ግን ተማሪው ከችሎት ርቆ፣ ባለጉዳይ ሳያይ፣ የእንባንና የመሐላን ድምፅ ሳይሰማ አራት ዓመት ከወንበር ላይ ተቀምጦ ሊወጣ ነው የሚል ስጋት ከጅምሩ ነበረ። ከ1957 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ አገር አገልግሎት ይልክ የነበረው በከፊል ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሩ፤ ከእጃቸው ጠመኔ ሳይለይ ከአገራቸው ጋር ተዋወቁ።

ከአየር ጤና ብዙም በማይርቀው በኮልፌ የሆነ አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። በ1954 ክረምት ላይ፣ የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በሥራ ላይ ውሎ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ የሕግ ፋኩልቲውም ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ረጅም ቁመት ያለው ደቡብ አፍሪካዊ በኮልፌ ከነበረው የፖሊስ ሠራዊት ሠፈር የጦር ትምህርት ይማር ነበር፤ እርሱም ኔልሰን ማንዴላ ነው። ማንዴላ ወታደር ከመሆኑ በፊት ጠበቃ፣ ጠበቃም ከመሆኑ በፊት ለማጅ ነበረ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በጆሃንስበርግ ከተማ ላዛር ሲዴልስኪ የሚባል የሕግ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር በሚሠራበት ቢሮ ውስጥ በተለማማጅ ጸሐፊነት ሲቀበለው፣ ጥቁርን ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚያቀርብ ቢሮ እጅግ ጥቂት ነበር። የአውቶቡስ ሒሳብ ለማትረፍ ጠዋት ወደ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዝ፣ ማታም ያንኑ በእግሩ ይመለስ ነበር። ሲዴልስኪ የሰጠውን አሮጌ ሙሉ ልብስ አምስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለበሰው፤ በመጨረሻ ከልብሱ ጣፉ እስኪበዛ ድረስ። ከዚያ ቢሮ ወጥቶ ከትምህርቱ በኋላ በ1944 ከጓደኛው ከኦሊቨር ታምቦ ጋር በገዛ ስማቸው የጥብቅና ቢሮ ከፈቱ፤ የአገሩም ጥቁር ሕዝብ በደጃፋቸው ይሰለፍ ጀመር። አንድ ቢሮ አንድ ለማጅ መቀበሉ ምን ያህል ዘር እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የእኛ ታሪክ ግን ሳይቋረጥ አልቀጠለም። በ1967 ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ፤ መሬትና ትርፍ ቤት ስለ ተወረሰም የግል ሙግት የሚነሣበት መስክ ጠበበ። ብዙ የሕግ ምሩቅ ወደ ዳኝነት፣ ወደ ዐቃቤ ሕግነትና ወደ ነገረ ፈጅነት ስለ ተመደበ፣ በግል ቢሮ ከአንድ ዐዋቂ ጠበቃ ጎን ቆሞ የመልመዱ ዕድል አነሰ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ አቅም ሲያጣና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆንም መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆምለት ሲደነግግ የሙያው መስክ ዳግመኛ ሰፋ። በዚያው በ1980ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተበደሉ ሴቶች ያለ ክፍያ መቆም ጀመረ፤ ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአየር ጤናዋ ልጅ ይህን ብታስታውስ ደስ ይለኛል።

በ1992 የወጣው አዋጅ ቍጥር 199 ጠበቃ ለመሆን የሚሻ ሰው ከዲግሪው በተጨማሪ የሥራ ልምድ እንዲኖረውና እንዲፈተን አዘዘ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የሥነ ምግባር ደንብም እያንዳንዱ ጠበቃ ቢያንስ 50 ሰዓት በዓመት ለድኻ እንዲሠራ፣ የደንበኛውንም ምስጢር እንዲጠብቅ ደነገገ። የሕግ ትምህርት ቤቶቹ ሥርዓተ ትምህርታቸውን ሲያሻሽሉ ተማሪው ከፍርድ ቤትና ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄዶ የሚለማመድበትን ኮርስ አስገቡ፤ ከ2003 ጀምሮም የሕግ ተማሪ የመውጫ ፈተና እንዲፈተን ተደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ፈቃዱ የሚሰጠው ለአንድ ግለሰብ ጠበቃ ብቻ ነበረ። ጠበቃው ሲታመም ቢሮው ይታመማል፤ ጠበቃው ሲያርፍ ዕውቀቱም መዝገቡም ይበተናል። ለማጅ ቢቀበል እንኳ ከልቡ ቸርነት እንጂ ቢሮው ከእርሱ በኋላ እንዲቀጥል አስቦ አልነበረም።

የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1249 በ2013 ሲወጣ ይህ ተለወጠ። ጠበቆች ተባብረው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ፤ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርም በሕግ ተመሠረተ። ለብዙዎች ይህ የንግድ አደረጃጀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ግን ዋናው ትርጕሙ ሌላ ነው። ድርጅት ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የሚኖር ነው፤ ከሰው ዕድሜ በላይ ሊኖር የሚሻ ሁሉ ደግሞ ተተኪ ማሳደግ ግድ ይሆንበታል። ገዳም ያለ ረድእ እንደማይቀጥል ሁሉ ጥብቅና ድርጅትም ያለ ለማጅ አይቀጥልም። ዛሬ በክላሰር የሚለመነው የክረምት ልምምድ የቀድሞው ረድእነት በአዲስ ልብስ ተመልሶ የመጣ ነው ማለቴም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን በር የሚያንኳኳ ወጣት ምን ይዞ ይቅረብ? በጥንቱ ደጅ ጠኚው በማን ደጅ እንደሚቆም ያውቅ ነበር፤ የዛሬውም ማወቅ አለበት። አንዱ ድርጅት የባንክና የኢንቨስትመንት ውል ያዘጋጃል፣ ሌላው በቤተሰብና በውርስ ይከራከራል፣ ሌላው የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር ይይዛል። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ በዚያ ገጽ ግን ስለምን ያን ቢሮ እንደ መረጠ፣ ስለዚያ ሥራ ምን እንዳነበበ፣ ምን መሥራት እንደሚችል በቀጥታ ይጻፍ። ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ የሚል ዐረፍተ ነገር ምንም ሥራ እንደማያውቅ ይመሰክርበታል። የተጻፈው ሁሉ ለሌላ ዐይን ይታይ፤ በአንድ ስም የሚሳሳት እጅ በአንድ አንቀጽ ቍጥርም ሊሳሳት ስለሚችል፣ ጠበቃው ከደብዳቤው የሚያነበው ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄውንም ነው። ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ ደግሞ የማያውቀውን አላውቅም፣ አንብቤ እመልሳለሁ ማለት ይልመድ፤ ይህ ቃል በቢሮ ውስጥ በድፍረት ከሚሰጥ መልስ ይልቅ የተከበረ ነው።

ከገባ በኋላ የሚጠብቀው ሥራ ታላቅ ንግግር አይደለም። መዝገብ በቀን ተራ መደርደር፣ የሬጅስትራሩን ሰልፍ መጠበቅ፣ የቀጠሮ መዝገቡን መቈጣጠር፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ውሳኔዎች ከታተሙባቸው ቅጾች ውስጥ ለጕዳዩ የሚሆነውን ፈልጎ ማምጣት ነው፤ በ1997 የወጣው አዋጅ ቍጥር 454 ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የሰበር ችሎት የሚሰጠውን የሕግ ትርጕም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤት እንዲከተለው ካስገደደ ወዲህ፣ ይህን ፍለጋ የሚያውቅ ለማጅ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሥራው ትንሽ መስሎ ትንሽ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። አንድ ሰው ያበደረውን ገንዘብ ለማስመለስ ክስ ያቀርባል እንበል፤ ተከሳሹም ብድሩ ከተሰጠ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስላለፈው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1845 መሠረት በዐሥር ዓመት ይርጋ ታግዷል ብሎ መቃወሚያ ያነሣል። ክሱ ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን መዝገቡን ገጽ በገጽ የሚያገላብጠው ለማጅ፣ ከአንድ ወረቀት ጀርባ ተጣብቃ የቀረች፣ ቀለሟ የደበዘዘ አንዲት ደረሰኝ ያገኛል፤ ተከሳሹ ከስምንት ዓመት በፊት ከዕዳው ጥቂቱን ከፍሏል። በቍጥር 1851 መሠረት ዕዳን ማመን ይርጋውን ያቋርጠዋልና ዘመኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ገና ይቈጠራል፤ ዐሥሩም ዓመት አልሞላም። የቅኔ አንደበት ያላዳነውን ሰው የአንድ ተማሪ ትዕግሥት አዳነው። እንዲህ ያለው ዐይን ከመማሪያ ክፍል ሳይሆን ከመዝገብ ጎን ይገኛል።

ለቢሮዎቹም አንድ ነገር ልለምን። የጥንቱ ደጅ ጥናት ያልተመሰገነበት ምክንያት ነበረው፤ ዘመድ ያለው በሩ ሲከፈትለት ዘመድ የሌለው ከደጅ ይውል ነበር። የዛሬው እንዲህ እንዳይሆን ቦታው ለሁሉ በማስታወቂያ ይነገር፤ የሚመረጠውም በጽሑፉና በፈተናው ይመረጥ። ከአየር ጤና፣ ከካራ ቆሬ፣ ከቤተል ማልዶ ተነሥቶ በየቀኑ ታክሲና ባቡር የሚለዋውጥ ተማሪ ደመወዝ ባይከፈለው እንኳ የመጓጓዣው ይሰጠው፤ ማንዴላ በእግሩ መጓዙ ታሪኩን ያሳመረለት ቢሆንም እግሩን ያደከመው ድህነት ነበርና፣ ድህነትን ለትምህርት ቅድመ ሁኔታ አድርገን ልናስቀምጠው አይገባም። ለማጁንም ቡና በማመላለስ ብቻ አታውሉት፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ችሎት ውሰዱት፤ ከችሎት መልስም ምን እንዳየ ጠይቁት። ሽማግሌው ሙግት ዐዋቂ ዘንጉን ለያዘለት ልጅ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

ያቺን ልጅ እንደ ገና ያገኘኋት በመስከረም፣ ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባ በየደጁ በተሸጠበት ሰሞን፣ ጦር ኃይሎች ከባቡሩ ስትወርድ ነው። አምስቱን ደብዳቤ ትታ አንዱን ጽፋ፣ ከመጻፏም በፊት የዚያን ቢሮ ሥራ አጥንታ፣ ለሁለት ወር እንደ ተቀበሏት ነገረችኝ። የቀጠሮ መዝገብ መያዝ እንደ ለመደች፣ ልደታ ችሎት እንደ ገባች፣ ዳኞቹ ሲሰየሙ ልቧ እንደ መታ በደስታ አጫወተችኝ። እኔም የሽማግሌ ወሬ ወዳድነቴ አሸንፎኝ፣ "ለመሆኑ የያዛችሁት ጕዳይ የማን ነው? ምንስ ይላል?" ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቱ ፈገግ አለች፤ ክላሰሯንም ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ፣ እሱ የባለጉዳዩ ነው፤ አይነገርም" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኋትም። ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ አዲሱ ዓመት ስናወራ፣ ጠበቃ ማለት ጠባቂ ማለት መሆኑን ማንም ሳይነግራት እንደ ተማረች እያሰብሁ ነበር።